ስም ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም፦ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትን በሰዋስው ምልክቶቹ መምረጥ

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚገዛ ወይም ስልኩ ላይ የሚጭን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቃል አለው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ግን ብዙም አይጠቅምም። ሁለት መቶ ሺህ ቃል የያዘ መዝገብ «ኢንፎርሜሽን» ብዙ ቁጥር እንደማይወስድ ሳይነግራችሁ ሊቀር ይችላል። ሠላሳ ሺህ ቃል ብቻ ያለው ደግሞ ይህንኑ በአንዲት ፊደል ሊነግራችሁ ይችላል። ልዩነቱ ያለው ከቃሉ ቀጥሎ፣ ከፍቺው በፊት፣ በሰያፍ ጽሑፍ ወይም በቅንፍ በምትቀመጠው ምልክት ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ዓይኑ ወደ ፍቺው ስለሚሮጥ አያያትም።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። እንግሊዝኛ ለማንበብ ብቻ ከሆነ የቃሉን ክፍል ብቻ የሚናገር መዝገበ ቃላት ይበቃል፤ እንግሊዝኛ–አማርኛም ቢሆን። ማመልከቻ፣ ሪፖርት ወይም ኢሜይል ለሚጽፍ ግን ስሙ ምን ዓይነት ስም፣ ግሱ ምን ዓይነት ግስ እንደሆነ የሚለይ ያስፈልገዋል። ይህን የሚያደርጉት ለቋንቋ ተማሪ ተብለው የተዘጋጁት ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ምልክታቸው አንድ ዓይነት አይደለም።

ስያሜዎቹ

ናውን ስም፣ ቨርብ ግስ፣ አድጀክቲቭ ቅጽል፣ አድቨርብ ተውሳከ ግስ፣ ፕሮናውን ተውላጠ ስም፣ ፕሪፖዚሽን መስተዋድድ፣ ኮንጃንክሽን መስተጻምር፣ ኢንተርጀክሽን ቃለ አጋኖ ነው። በአህጽሮት ሲጻፉ ሁለት ጥንዶች ይምታታሉ። የፕሮናውንና የፕሪፖዚሽን አህጽሮት ሁለቱም በፒ እና በአር ይጀምራሉ፤ የአድጀክቲቭና የአድቨርብ ደግሞ በኤ እና በዲ። እስከ መጨረሻው ፊደል ማንበብ ነው።

ከስምንቱ ውጭ የሆነ ዘጠነኛ ስያሜ አለ፤ «ዲተርማይነር» ይባላል። ከስም በፊት እየገባ የቱ፣ የማን፣ ስንት የሚለውን ይወስናል፤ «ዘ»፣ «ማይ»፣ «ዚስ»፣ «ኤቭሪ» እዚህ ይመደባሉ። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላቱ ይለያያሉ። የአሜሪካው ሜሪያም-ዌብስተር «ማይ»ን ቅጽል ይለዋል፤ ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅና ሎንግማን ለተማሪ ባዘጋጇቸው መዝገቦች ዲተርማይነር ይሉታል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የቆየውና የአዲሱ ሰዋስው ልዩነት ነው። ለእኛ ግን ሁለተኛው ይሻላል። ቅጽሎች ተደራርበው ሊገቡ ይችላሉ፤ እንዲህ ያሉት ዲተርማይነሮች ግን አንዱ ሌላውን ያስወጣል። አማርኛ «ይህ የእኔ መጽሐፍ» ማለትን ስለሚፈቅድ «ዚስ ማይ ቡክ» ብለን እንጽፋለን። ሁለቱም ቃላት ላይ ዲተርማይነር የሚል ምልክት ያየ ሰው ግን አንዱን ማንሳት እንዳለበት ያውቃል፤ «ዚስ ቡክ ኦቭ ማይን» ይላል።

ተውላጠ ስሞችም ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። አማርኛው «የእኔ» ለ«ማይ»ም ለ«ማይን»ም ያገለግላል፤ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ስም ይከተለዋል፣ ሁለተኛው ብቻውን ይቆማል። «ሂዝ» ሁለቱንም ሥራ ስለሚሠራ ሁለት ምልክት ያገኛል። ከሁሉ የሚያደናግረው «ዛት» ነው፤ ዲተርማይነር፣ ተውላጠ ስም፣ መስተጻምርና ተውሳከ ግስ ተብሎ አራት ቦታ ይመዘገባል። የትኛውን ማንበብ እንዳለባችሁ የምታውቁት ቀጥሎ የመጣውን በማየት ነው። ስም ከተከተለው ዲተርማይነር ነው። ብቻውን ከቆመ፣ ወይም ከስም በኋላ ገብቶ በአማርኛ በ«የ» የምንገልጸውን ሐረግ ከከፈተ ተውላጠ ስም ሥር ፈልጉት። «አለ»፣ «አሰበ» ከሚሉ ግሶች በኋላ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካስከተለ መስተጻምር ነው፤ የእኛ «እንደ» ወይም «ብሎ» ማለት ነው። «ዛት ቢግ» እንደሚለው ቅጽል ከተከተለው «ያን ያህል» የሚለው ተውሳከ ግስ ነው።

ስም፦ የሚቆጠርና የማይቆጠር

ኦክስፎርድ፣ ሎንግማንና ካምብሪጅ በመጽሐፍ እትሞቻቸው የሚቆጠረውን ስም በሲ ፊደል፣ የማይቆጠረውን በዩ ፊደል በቅንፍ ያመለክታሉ። የሜሪያም-ዌብስተር የተማሪዎች እትም በፊደል ፋንታ «ካውንት» እና «ናንካውንት» ብሎ ይጽፋል። ሌላው የተማሪ መዝገብ ኮሊንስ ኮቢልድ ደግሞ «ካውንተብል ናውን» ብሎ ሙሉውን ያስቀምጣል። ለአፍ መፍቻ ተናጋሪዎች የተዘጋጀው የሜሪያም-ዌብስተር መዝገብ «ናውን» ብቻ ብሎ ያልፋል። ለንባብ ድንቅ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አይረዳችሁም። ተናጋሪው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ለምን ይጻፍለት?

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህች ፊደል ከምንም በላይ ታስፈልጋለች። መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ዜናዎች፣ ጥናቶች፣ የቤት ሥራዎች በአማርኛ ሁሉም ትክክል ናቸው። በእንግሊዝኛ «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ኒውስ»፣ «ሆምወርክ»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ኢኩዊፕመንት» ሁሉም ዩ ናቸው። የብዙ ቁጥር ኤስ አይጨመርባቸውም፣ «ኤ» ወይም «አን» ከፊታቸው አይገባም፣ ግሱም በነጠላ ይሄዳል። «ኒውስ» መጨረሻው ላይ ኤስ ስላለው ብቻ ብዙ ቁጥር አይሆንም። መቁጠር ካስፈለገ «ኤ ፒስ ኦቭ» ከፊት ይገባል።

ምልክቷ የት እንደተቀመጠችም ማየት ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ፍቺ ቁጥር በፊት ካለች ለሁሉም ፍቺዎች ትሠራለች፤ ከቁጥሩ በኋላ ካለች ለዚያ ፍቺ ብቻ ናት። «ኤክስፒሪየንስ» ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የሥራ ልምድ ሲሆን ዩ፣ የደረሰብን አንድ ገጠመኝ ሲሆን ሲ ነው። የሥራ ማመልከቻ ላይ በብዙ ቁጥር የሚጽፈው ሰው «ገጠመኞች አሉኝ» እያለ ነው። «ፔፐር» ወረቀት ሲሆን አይቆጠርም፤ ጋዜጣ ወይም የጥናት ጽሑፍ ሲሆን ይቆጠራል። «ወርክ» ሥራ ሲሆን አይቆጠርም፤ የኪነ ጥበብ ሥራ ሲሆን ይቆጠራል። የመጀመሪያውን ምልክት ብቻ አይቶ መዝገቡን መዝጋት የስህተቱ ዋና ምንጭ ነው።

ሌላ ምልክት ደግሞ አለ፤ ስሙ ሁልጊዜ ብዙ ቁጥር ነው የሚለው። መቀስ፣ ሱሪና መነጽር በአማርኛ አንድ አንድ ዕቃ ናቸው። በእንግሊዝኛ «ሲዘርስ»፣ «ትራውዘርስ»፣ «ግላሲስ» ብዙ ቁጥር ናቸው፤ አንዱን ለመግለጽ «ኤ ፔር ኦቭ» ያስፈልጋል። በተለይ «ፖሊስ»ን ልብ በሉ። እኛ «አንድ ፖሊስ» እንላለን፤ የእንግሊዝኛው ቃል ግን ተቋሙን ወይም ባልደረቦቹን በጅምላ የሚጠራ ብዙ ቁጥር ስለሆነ አንዱ ሰው «ፖሊስ ኦፊሰር» ነው።

ግስ፦ መዝገቦቹ በእርግጥ የሚለያዩበት

ሁሉም መዝገበ ቃላት ማለት ይቻላል ተሻጋሪና የማይሻገር ግስ ይለያሉ፤ በቲ እና በአይ ፊደል ወይም በሙሉ ቃል። የሜሪያም-ዌብስተር የተማሪዎች እትም «ተሻጋሪ» የሚለውን ቃል ትቶ «ተሳቢ ያለው» እና «ተሳቢ የሌለው» ብሎ ይገልጸዋል። ሰዋስው ለማይወድ ሰው ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው።

ችግሩ አማርኛ ግሱን ከተሳቢው ጋር የሚያገናኝበት መንገድ የተለየ መሆኑ ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን»፣ «ወደ ክፍሉ ገባ»፣ «ከእሷ ጋር ተጋባ» እንላለን፤ በዚያው ልማድ ከ«ዲስከስ» በኋላ «አባውት»፣ ከ«ኤንተር» በኋላ «ቱ»፣ ከ«ሜሪ» በኋላ «ዊዝ» እንጨምራለን። ሦስቱም ግሶች በእነዚህ ፍቺዎቻቸው ቲ ናቸው፤ ተሳቢያቸውን ያለ መስተዋድድ ይወስዳሉ። በተቃራኒው «ጠብቀኝ» እና «ስማኝ» ስንል «ኝ» በቀጥታ ግሱ ላይ ትለጠፋለች፤ ስለዚህ «ዌይት ሚ»፣ «ሊስን ሚ» ይመጣል። «ዌይት» እና «ሊስን» አይ ናቸው፤ አንዱ «ፎር»፣ ሌላው «ቱ» ይፈልጋል። ጥሩ መዝገብ መስተዋድዱን በደማቅ ጽሑፍ ከምልክቷ አጠገብ ያስቀምጣል።

ሦስተኛው ስህተት በቲ እና አይ ብቻ አይፈታም። «አስረዳኝ»፣ «ነገረኝ»፣ «ሰጠኝ»፣ «አለኝ» በአማርኛ አንድ ዓይነት ግንባታ አላቸው። በእንግሊዝኛ «ቴል» እና «ጊቭ» ሰውዬውን በቀጥታ ይወስዳሉ፤ «ኤክስፕሌይን» እና «ሴይ» ግን «ቱ» ካልገባ አይወስዱም። አራቱም ተሻጋሪ ናቸውና «ተሻጋሪ» የሚለው ምልክት አይለያቸውም። መዝገበ ቃላት የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው። ኦክስፎርድ በመጽሐፍ እትሞቹ የሞገድ ምልክት አስቀምጦ ከኋላው ቅርጹን ይጽፋል፤ ሞገዷ በግሱ ቦታ የቆመች ናት፣ ኤስ-ቢ የሚለው አህጽሮት «ሰው»፣ ኤስ-ቲ-ኤች ደግሞ «ነገር» ማለት ነው። «ኤክስፕሌይን» ላይ መጀመሪያ ነገሩ፣ ከዚያ «ቱ»፣ ከዚያ ሰውዬው ተቀምጦ ታገኛላችሁ። ካምብሪጅ ሁለት ተሳቢ በቀጥታ የሚወስዱትን «ፕላስ ሁለት ተሳቢ» በሚል ምልክት ይለያል፤ «ጊቭ» ላይ አለ፣ «ኤክስፕሌይን» ላይ የለም። «ሰጀስት»ም እንዲሁ ነው። ካምብሪጅ ላይ «ፕላስ ዛት» እና «ፕላስ አይ-ኤን-ጂ» የሚሉ ምልክቶች አሉት፤ ሰውና «ቱ» ያለበት ግስ እንዲከተለው የሚፈቅድ ምልክት የለውም። «እንድሄድ ሐሳብ አቀረበልኝ» ብለን በቀጥታ የምንገለብጠው ዓረፍተ ነገር የሚሰናከለው በዚህ ነው።

ኮሊንስ ኮቢልድ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። መጀመሪያ በ1987 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲወጣ ፍቺዎቹን በሙሉ ዓረፍተ ነገር አቀረበ፤ «አንድን ነገር ለአንድ ሰው ስታስረዱ እንዲህ ታደርጋላችሁ» እንደማለት ነው። ቅርጹ ፍቺው ውስጥ ስላለ ምልክቱን ያላየ ሰው እንኳ «ቱ» የት እንደገባች ያያል። ኮድ መፍታት ለሚሰለቸው ሰው ከዚህ የተሻለ አናውቅም። ዋጋው ርዝመት ነው፤ ፍቺው ረጅም ስለሆነ ቸኩሎ ለሚፈልግ ሰው ያዘገያል፣ ገና ለጀማሪም የንባብ ሸክም ይሆናል።

ያገለገለ መጽሐፍ ለመግዛት ካሰባችሁ የእትሙን ዓመት እዩ። የኦክስፎርዱ መዝገብ አባት ሆርንቢ እንግሊዝኛ ያስተምር በነበረበት በጃፓን በ1942 ያሳተመው ሥራ ግሶችን በ25 ቅርጾች ከፍሎ በቁጥር ያመለክት ነበር። የ1978ቱ ሎንግማን ደግሞ ፊደልና ቁጥር ያጣመሩ ኮዶች ነበሩት። ሁለቱም በትክክለኛነት የሚታሙ አይደሉም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ኮድ ለመፍታት ሠንጠረዥ መግለጥ ይጠይቃሉ። በኋላ የመጡት እትሞች ቀለል ብለው የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ፍቺው ያው ቢሆንም ለዕለት ሥራ አዲሱን እትም ምረጡ።

ቅጽልና ተውሳከ ግስ

እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ብቻ የሚጠቀም ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነው። ፈራሁ፣ ዘገየሁ፣ ራበኝ፣ ታመምኩ በአማርኛ ግሶች ናቸው። «አፍሬድ»፣ «ሌት»፣ «ሀንግሪ»፣ «ሲክ» ግን ቅጽሎች ናቸው፤ ብቻቸውን ዓረፍተ ነገር አይሠሩም፤ «አም»፣ «ኢዝ» ወይም «ዎዝ» ያስፈልጋቸዋል። ትርጉሙን አይቶ ምልክቱን ያላየ «አይ አፍሬድ» ብሎ ይጽፋል። አማርኛው ትርጉም ግስ ሆኖ ምልክቱ ቅጽል ካለ ቆም በሉ።

የተማሪዎቹ መዝገቦች ከዚህ ሌላ ቅጽሉ ከስም በፊት ይገባ እንደሆነ ይናገራሉ። «አስሊፕ» ከስም በፊት አይገባም፤ «የተኛ ልጅ» ለማለት «ስሊፒንግ» ነው የሚባለው። «ሜይን» በተቃራኒው ከስም በፊት ብቻ ይገባል። ተውሳከ ግስ ላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ አጭር ነው፤ በኤል-ዋይ የጨረሰ ሁሉ ተውሳከ ግስ አይደለም፤ «ፍሬንድሊ» ቅጽል ነው። «ሃርድሊ» ደግሞ «በትጋት» ሳይሆን «እምብዛም» ማለት ነው፤ በትጋት የሚለው ራሱ «ሃርድ» ነው።

ምልክቱ አነባበብንም ይወስናል። «ሬኮርድ» ስም ሲሆን የመጀመሪያው ክፍለ ቃል፣ ግስ ሲሆን ሁለተኛው ጎላ ብሎ ይነበባል። «ዩዝ» ስም ሲሆን በስ፣ ግስ ሲሆን በዝ ድምፅ ይጨርሳል። ሎንግማን እንዲህ ያሉትን በትናንሽ ቁጥር ለያይቶ እንደ ሁለት ቃል ስለሚያስቀምጣቸው መሳሳት ይከብዳል።

ነፃ የስልክ መዝገበ ቃላት

ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ብዙ ነፃ አፕሊኬሽኖች ቃላቸውን የሚያገኙት ከዎርድኔት ነው። ዎርድኔት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ የተጀመረ የቃላት ቋት ነው፤ ቃላትን በትርጉም ዝምድናቸው ያያይዛል፣ ተመሳሳይ ቃል ለመፈለግም ግሩም ነው። ግን የያዘው ስም፣ ግስ፣ ቅጽልና ተውሳከ ግስ ብቻ ነው። ተውላጠ ስም፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምርና ዲተርማይነር የሉትም። ውጤቱ አንዳንዴ ያስቃል፤ «ሂ» ብላችሁ ብትፈልጉ ሂሊየም የተባለውን ጋዝ፣ «ኢት» ብትሉ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን አህጽሮት፣ «ሁ» ብትሉ የዓለም ጤና ድርጅትን ይሰጣችኋል፤ ምክንያቱም በእነዚያ ፊደላት የሚጻፉ ስሞች ብቻ ናቸው ያሉት። የስሞችን ተቆጣሪነትም አይለይም። «ሳተላይት አድጀክቲቭ» የሚል እንግዳ ምልክት ካጋጠማችሁም ምንጩ ይኸው ቋት ነው፤ እንደ ተራ ቅጽል አንብቡት።

የድሮ ምልክቶች

የቆየ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ካልሆነ ይህን መዝለል ይችላል። በ1755 የወጣው የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት ተሻጋሪውን ግስ «አክቲቭ»፣ የማይሻገረውን «ኒውተር» ይለዋል፤ ስለዚህ ቪ-ኤን የሚለው አህጽሮት ግስና ስም ማለት አይደለም። ታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በቀደሙት እትሞቹ ስምን «ሰብስታንቲቭ» ብሎ በኤስ-ቢ ያሳጥረዋል። ያው ሁለት ፊደል በዛሬው የተማሪ መዝገብ «ሰው» ማለት እንደሆነ ከላይ አይተናል።

ከመግዛት ወይም ከመጫን በፊት

ስድስት ቃል ይበቃል፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። «ኢንፎርሜሽን»ን ፈልጉና የማይቆጠር መሆኑን ይናገር እንደሆነ እዩ። «ፖሊስ» ላይ ብዙ ቁጥር ነው ይላል? «ዲስከስ» ላይ ተሻጋሪ ከማለት አልፎ ያለ መስተዋድድ የገባበት ምሳሌ አለው? «ኤክስፕሌይን» ላይ «ቱ» በግልጽ ተቀምጣለች? «አስሊፕ» ከስም በፊት እንደማይገባ ያስጠነቅቃል? በመጨረሻ «ሂ»ን ፈልጉ፤ ተውላጠ ስም ካላለ ሌላውን መመርመር አያስፈልግም።

ስድስቱንም ያለፈ መዝገብ ለመጻፍ ይሆናል። የመጨረሻውን ብቻ ያለፈ ለንባብ ይያዝ። ከአራት በላይ ካለፉት መካከል ስትመርጡ ነገሩ የእናንተ ልማድ ይሆናል፤ በአጭር ኮድ ቶሎ ማየት የሚወድ ኦክስፎርድን ወይም ካምብሪጅን፣ ቃሉን ተጽፎ ማየት የሚፈልግ የሜሪያም-ዌብስተርን የተማሪዎች እትም፣ ቅርጹን ከፍቺው ውስጥ መልቀም የሚቀለው ኮቢልድን ይያዝ። ብሪታኒያዊ እንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ አሜሪካዊውን የሜሪያም-ዌብስተር እትም ለአጻጻፍ ብቸኛ ዳኛ አታድርጉት።

እንግሊዝኛ–አማርኛውን ግን አትጣሉ። ቃሉ ፈጽሞ አዲስ ሲሆን መጀመሪያ እሱን ክፈቱ፤ ትርጉሙን በአንድ ጊዜ ታገኛላችሁ። ከዚያ ቃሉን ልትጽፉበት ስትሉ የተማሪውን መዝገብ ክፈቱና በአማርኛ ያገኛችሁት ትርጉም ከስንተኛው ፍቺ ጋር እንደሚገጥም ፈልጉ። የዚያን ፍቺ ምልክት አንብቡ፤ ከሥሩ ካሉት ምሳሌዎች ለዓረፍተ ነገራችሁ የሚቀርበውን ወስዳችሁ ስሞቹን ብቻ ለውጡ። ምሳሌው ውስጥ ያለችውን መስተዋድድ ግን አትንኩ።